አርቪ ይዞ የት ይኬዳል? ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ለሚነሳ፦ ሸናንዶዋ ሪቨር፣ ሌክ አና፣ ዌስትሞርላንድ ወይስ ፈርስት ላንዲንግ

አርቪ ማለት የሚታደርበት መኪና ወይም በመኪና የሚጎተት ቤት (ትሬለር) ነው። ሰመር ሲቃረብ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ "ትሬለሩን ይዘን የት እንሂድ?" አብዛኞቹ በልባቸው የያዙት ቨርጂኒያ ቢች ያለውን ፈርስት ላንዲንግ ነው። ባሕር አለ፣ ልጆቹም ይወዱታል። የእኔ መልስ ግን ፍሮንት ሮያል አጠገብ ያለው ሸናንዶዋ ሪቨር ስቴት ፓርክ ነው።

በገንዘብ ልጀምር። ትሬለር የሚጎትት መኪና በአንድ ጋሎን 10 ማይል ከሄደ ጥሩ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ፈርስት ላንዲንግ ደርሶ መልስ 400 ማይል ያልፋል። ከ40 ጋሎን በላይ ይበላል። ሸናንዶዋ ሪቨር ግን ደርሶ መልስ 150 ማይል ገደማ ነው፤ 15 ጋሎን ይበቃል። ጋሎኑን በ3 ዶላር ተኩል ብንይዘው ልዩነቱ ወደ 90 ዶላር ይጠጋል። በቨርጂኒያ ስቴት ፓርኮች ውሃና መብራት ያለው ቦታ በአዳር 40 ዶላር አካባቢ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የሁለት ሌሊት ኪራይ መንገድ ላይ ተቃጠለ። ፈርስት ላንዲንግ ደግሞ አዳሩም ወደድ ይላል። በዚያ ላይ ሀምፕተን ሮድስ ላይ ከባሕር ሥር የሚያልፈው ዋሻ አለ። ዓርብ ከሰዓት ወረፋው አያድርስ ነው። ከመግባታችሁ በፊትም የትሬለሩ ምድጃ የሚነድበት የፕሮፔን ጋዝ መዘጋት አለበት።

ዋሽንግተን ዙሪያ ያሉት የግል ካምፖች ቅርብ ናቸው፤ ግን በአዳር ከስቴት ፓርኩ እጥፍ ሲጠይቁ አይቻለሁ። መዋኛ ገንዳና ዋይፋይ ለሚፈልግ ይሁን። እኔ ለገንዳ 40 ዶላር አልጨምርም።

ሌክ አና ስቴት ፓርክ በርቀት ከሸናንዶዋ ሪቨር ብዙም አይለይም። ችግሩ መንገዱ ነው። አይ-95 የሚባለውን አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ፣ ዓርብ ማታ፣ ትሬለር እየጎተቱ! ወደ ሸናንዶዋ ሪቨር የሚወስደው አይ-66ም እስከ ጌንስቪል ድረስ ይጨናነቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይከፈታል። ሌክ አና የሚዋኙበት ዳርቻ አለው። ድሮ ወርቅ ይወጣበት የነበረ ቦታ ስለሆነ ልጆች የወርቅ አጠባውን ታሪክ ይወዱታል። ሐይቁ ግን የተሠራው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለማቀዝቀዝ ነው። ከ2018 ወዲህ ደግሞ በላይኛው የሐይቁ ክፍል በአልጌ ምክንያት የጤና ቢሮው በሰመር ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ቆይቷል። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱት ለመዋኘት ከሆነ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ዌስትሞርላንድ በ1936 ከተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ስድስት የቨርጂኒያ ስቴት ፓርኮች አንዱ ነው። ፖቶማክ ዳር የጥንት የሻርክ ጥርስ ይለቀማል፤ ለልጆች ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላውቅም። ካምፑ ግን የዛሬዎቹ ትልልቅ አርቪዎች ከመምጣታቸው በፊት የታሰበ ነው። ረጅም ትሬለር ያለው ሰው የቦታውን ልክ ሳያይ እንዳይከፍል።

ሜሪላንድ የምትኖሩ፣ ቨርጂኒያ ከሌላ ስቴት የሚመጣን ሰው ጥቂት ጨምራ ታስከፍላለች። ለእናንተ ተርሞንት ያለው ከኒንግሃም ፎልስ ይቀርባችኋል፤ 78 ጫማ የሚወርድ ፏፏቴ አለው። መብራት የገባላቸው ቦታዎች ግን የተወሰኑ ስለሆኑ ለይታችሁ ያዙ።

ቅርብ ቦታ የምመርጥበት ትልቁ ምክንያት ብልሽት ነው። አርቪ መንገድ ላይ የሚንገጫገጭ ቤት ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይፈታል። ሸናንዶዋ ሪቨር ሳለን የመብራት ገመዳችን ቀለጠ። በኢንተርኔት በ30 ዶላር የተገዛ ባለ 30 አምፕ ማራዘሚያ ነበር፤ ላዩ ላይ ቁጥር 10 ሽቦ (ለ30 አምፕ የሚበቃው ወፍራም) ይላል። መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ። ብሬከሩን አጥፍቼ ስነቅለው አንደኛው ጥርስ ጠቁሯል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ እንደ ሻማ ወርዷል። ገመዱን ስንቆርጠው ውስጡ ያለው ሽቦ ከተጻፈበት በጣም የቀጠነ ነው። ፎርጅድ! ፍሮንት ሮያል ሩብ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው፤ ደህናውን ገዝቼ ለምሳ ተመለስኩ። ደህናው ከእጥፍ በላይ አስከፈለኝ፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። ይህ ዌስትሞርላንድ ቢሆን ዕቃውን ፍለጋ ቀኑ ያልቅ ነበር።

ስለ መብራት ካነሳን አይቀር፦ 30 አምፕ ማለት 3600 ዋት ነው። ኤሲው ሲሠራ ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 1500 ዋት አካባቢ ይጎትታል። ሁለቱ ላይ ማይክሮዌቭ ከተጨመረ ብሬከሩ ይወርዳል። እንጀራችሁን ቤት ጋግራችሁ ሂዱ፤ ጥብሱን ውጭ በእሳት ሥሩ። እንጨት ግን ከቤት አትጫኑ፤ ዛፍ የሚገድሉ ነፍሳት የሚዛመቱት በእሱ ነው። እዚያው ይሸጣል።

ሸናንዶዋ ሪቨርም እንከን አለው። ወንዙ ዳር ያሉት ቦታዎች የድንኳን ናቸው፤ የአርቪው ካምፕ ከወንዙ ራቅ ይላል። ዋና የሚፈልግ ሰው የሐይቅ ዳርቻ አያገኝም። ግን ውሃና መብራት እያንዳንዱ የአርቪ ቦታ ላይ አለ፣ ፓርኩ ከ5 ማይል በላይ ወንዙን ይዞ ይሄዳል፣ ማሳነተን ተራራ ፊት ለፊት ይታያል። ትሬለሩን እዚያው ትታችሁ በመኪና ብቻ ስካይላይን ድራይቭ ወደሚባለው የተራራ ላይ መንገድ መውጣት ትችላላችሁ፤ የሰሜኑ መግቢያ ፍሮንት ሮያል ላይ ነው። የሉሬይ ዋሻዎችም ሩቅ አይደሉም።

ቦታ የሚያዘው ከ11 ወር በፊት ጀምሮ ነው። የምትይዙት የተወሰነ ቁጥር ያለውን ቦታ ስለሆነ ፎቶውንና ርዝመቱን እያያችሁ ምረጡ። ኦክቶበር ላይ ቅጠሉ ሲቀላ ቅዳሜና እሑድ ማግኘት ከባድ ነው። ሥራችሁ ከፈቀደ እሑድ ከሰዓት ገብታችሁ ረቡዕ ውጡ፤ አይ-66ም ያኔ ወደዚያ ለሚሄድ ባዶ ነው።