ቴስታታ ሳያወርዱ የቦብካታችንን ሙቀት ምንጭ ላገኙት መካኒክ፦ ምስጋናና ጥቆማ

«ማሽኑ ይሞቃል» ሲባሉ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት መለኪያ የሚያነሱ መካኒክ ለምትፈልጉ የቦብካት (የትንሿ አፈር ጫኝ ማሽን) ባለቤቶችና ኦፕሬተሮች ይህን ጥቆማ ትተናል። ባለሙያው አዲስ አበባ ቃሊቲ አካባቢ የሚሠሩና በግንባታ ማሽኖች ላይ ረጅም ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ ስልካቸውን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንድንሰጥ ፈቅደውልናል። እሳቸውንም፣ ያንን ሁሉ ቆሻሻ በትዕግሥት ያጸዳችውን ወጣት ረዳታቸውንም ከልብ እናመሰግናለን። እጃችሁ ይባረክ።

ማሽኑ ቦብካት 753 ነው፤ ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ኩቦታ ቪ2203 ናፍጣ። በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው፣ በዝቅተኛ ዙር) ሲቆም የሙቀት ጌጁ መሃል ላይ ይረጋል። አፈር እየጫነ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሠራ ግን መርፌው ወደ ቀዩ ይወጣል፤ ጋዝ ቀንሶ ጥቂት ሲያርፍ ይመለሳል። ከዚህ በፊት ካዩት ባለሙያዎች አንዱ «ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታ ይውረድ» ሲል (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛ ክዳን፣ ጓርኒሲዮን ሥሩ ያለው ማሸጊያ ነው)፣ ሌላው «ራዲያተር ቀይሩ» ብሎ ነበር። ሁለቱም አልነበረም።

መካኒኩ እንደመጡ መጀመሪያ ያናገሩት ኦፕሬተሩን ነው። በሚኒሞ ይሞቃል ወይስ ሲጫን ብቻ? በመንዳት ነው ወይስ ባልዲውን ደጋግሞ በማንሳት የሚብሰው? ውሃ ይጎድላል? ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ይወጣል? ጠዋት በቀዝቃዛው ሲነሳ የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይወጠራል? እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ በር ይዘጋል። በሚኒሞ የሚሞቅ ማሽን በአብዛኛው የውሃ ማነስ፣ የላላ ቺንጋ (ቀበቶ)፣ የማይዞር ቬንቲሌተር (ማራገቢያ) ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ አለበት። በጭነት ብቻ የሚሞቅ ደግሞ ሙቀቱን የማስወጣት አቅሙ ቀንሷል ማለት ነው፤ አየር የማያልፍበት ማቀዝቀዣ፣ በከፊል የተደፈነ ራዲያተር ወይም ከሃይድሮሊኩ (ማሽኑን በዘይት ግፊት ከሚያንቀሳቅሰው ክፍል) የሚመጣ ትርፍ ሙቀት ይጠረጠራል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ማኒኮቶው ከተወጠረ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ያኔ ስለ ጓርኒሲዮን ማውራት ይቻላል። የኛ ማሽን መልስ ወደ ሁለተኛው አመለከተ።

ቀጥሎ ጌጁ እውነት ይናገር እንደሆነ አረጋገጡ። ሴንሰር ሲበላሽ ወይም የመሬት ሽቦ ሲላላ ቀዝቃዛ ሞተር የሞቀ ይመስላል። በጨረር ቴርሞሜትር የተርሞስታቱን (በሙቀት የሚከፈተውን የውሃ በር) ቤት፣ የራዲያተሩን መግቢያና መውጫ ለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ የሚያብለጨልጭ ብረትና አሉሚኒየም ለጨረር ቴርሞሜትር ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ በሚለኩባቸው ቦታዎች ሁሉ መጀመሪያ ጥቁር ፕላስተር ይለጥፋሉ፣ ከዚያ ፕላስተሩ ላይ ይለካሉ።

ልኬቱን የወሰዱት ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ ነው። መግቢያው 104፣ መውጫው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆነ። ይህ የአራት ዲግሪ ልዩነት ነው ምርመራውን የመራው። ውሃው በደንብ እየዞረ፣ አየሩም በደንብ እያለፈ ከሆነ ራዲያተሩ ከስድስት እስከ አሥር ዲግሪ ገደማ ያወርዳል። ልዩነቱ በጣም ሰፊ ከሆነ፣ 15 ወይም 20 ዲግሪ ካለፈ፣ ውሃው ራዲያተሩ ውስጥ ብዙ እየቆየ ነው፤ ያኔ ፓምፑን፣ ተርሞስታቱን፣ የተጣበቀ ማኒኮቶ ወይም የተደፈነ ቱቦ ነው መፈለግ። ልዩነቱ ጠቦ ሁለቱም ጫፍ ከጋለ ግን ውሃው እየዞረ ነው፣ ሙቀቱን የሚወስደው አየር ነው የጠፋው። በአንድ ቴርሞሜትር «የውሃ ችግር ነው ወይስ የአየር?» የሚለው ጥያቄ ተመለሰ። ማንም ሰው ከመክፈሉ በፊት መካኒኩን ሊጠይቀው የሚገባው ይህን ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩን ታፖ (ክዳን) ፈተሹ። በፈላ ራዲያተር ላይ ታፖ መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል፤ ይህን ለረዳቶቻችሁ ደጋግማችሁ ንገሩ። በፓምፕ መለኪያ 0.88 ባር፣ ማለትም 88 ኪሎ ፓስካል ሰጥተው ያዩታል፤ ጤነኛ ታፖ ከ88 ወደ 59 ኪሎ ፓስካል ለመውረድ ከ10 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ይህች ርካሽ ዕቃ በአዲስ አበባ ልዩ ክብደት አላት። ከተማው ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ክፍት ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ታፖው ግፊቱን ከያዘ ግን የመፍያው ነጥብ ከ110 ያልፋል። ላስቲኩ የደረቀ ታፖ ያለው ማሽን ሌላው ነገር ሁሉ ደህና ሆኖ ሊፈላ ይችላል። ከፍታው አየሩንም ያሳሳዋል፤ ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ገደማ የቀለለ አየር ነው በራዲያተሩ የሚያልፈው። ቆላ ላይ የማይሰማ ትንሽ ቆሻሻ እዚህ የሚሰማው ለዚህ ነው። የኛ ታፖ ግፊቱን መያዝ ስላልቻለ ተቀየረ፤ እሳቸው ግን «ይህ አባባሽ እንጂ ዋናው አይደለም» ብለው ቀጠሉ።

ስለ ጓርኒሲዮኑ የተባለውንም በግምት አላለፉትም። ራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበትን የጋዝ መመርመሪያ አስቀምጠው ሞተሩን አስነሱ። የሚቃጠል ጋዝ ወደ ውሃው ከገባ ፈሳሹ ወደ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ይለወጣል። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ዘይቱ ላይ ወተት የመሰለ ነገር የለም፣ ውሃውም ላይ የዘይት ቅባት አልታየም። ይህ አጭር ፍተሻ ብዙ ነገር አዳነልን፤ ቴስታታ ከወረደ አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻ አይበቃም፣ የቴስታታው ፊት ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ አለመጣመሙ መለካት አለበት፣ ቡሎኖቹም በቅደም ተከተል ከ93 እስከ 98 ኒውተን ሜትር በቶርክ መፍቻ መጠበቅ አለባቸው። ያለ ምክንያት የወረደ ቴስታታ ያልነበረ ችግር ይዞ ይመለሳል።

ከዚያ ወደ አየሩ መጡ። በዚህ ማሽን ራዲያተሩ ከኋላ ላይ ተኝቶ ነው ያለው፤ ከላዩ ደግሞ የሃይድሮሊክ ዘይት ማቀዝቀዣው ተደርቧል። አየሩ ከላይ ገብቶ መጀመሪያ የዘይቱን ማቀዝቀዣ፣ ቀጥሎ ራዲያተሩን ያልፋል። የኋላውን ፍርግርግ ብድግ አድርጎ የሚያይ ሰው የሚታየው የላይኛው ብቻ ነው፣ እሱም በየቀኑ በኮምፕረሰር ስለሚነፋ ንጹህ ነበር። እሳቸው ማሰሪያውን ፈትተው የዘይት ማቀዝቀዣውን ወደ ላይ ሲያነሱት በሁለቱ መካከል ወፍራም ምንጣፍ የመሰለ ነገር ተነጥፎ ተገኘ፦ የሲሚንቶ ብናኝ፣ የከረጢት ክር፣ ገለባ፣ በዘይት ተለውሶ። በየቀኑ ከላይ የሚነፋው አየር ቆሻሻውን አያወጣውም፣ ወደ ታች ገፍቶ ራዲያተሩ ላይ ያጠቀጥቀዋል። «በየቀኑ እናጸዳለን እኮ» የሚል ሁሉ ይህን መሃል ይክፈተው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አጥቦ ገንዘቡን ይቀበልና ይሄዳል። እሳቸው ግን ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳያገኙ ውሃ አላስነኩም። ደረቅ አቧራ በንፋስ ይወጣል፤ ዘይት የነካው አቧራ ግን ይጣበቃልና በጥቂት ሳምንት ይመለሳል። ጠብታ የማይጥል፣ ግፊት ሲበዛ ብቻ እንደ ጉም የሚረጭ ቀዳዳ አንድ የሃይድሮሊክ ማኒኮቶ መጋጠሚያ ሥር ተገኘ። ቀዳዳውን በእጅ አልዳሰሱም፤ ካርቶን ነው ያስጠጉት። በግፊት የሚወጣ ሃይድሮሊክ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ያ ደግሞ ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬድ ጉዳት ነው። ማኒኮቶው ከተቀየረ በኋላ ነው ጽዳቱ የተጀመረው።

አጸዳዱንም መማር ይገባል። መጀመሪያ ምንጣፉ በእጅና በለስላሳ ብሩሽ ተነሳ፣ ወደ ውስጥ ሳይገፋ። ቀጥሎ ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ ተረጭቶ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ውሃ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች ተለቀቀ። የመኪና ማጠቢያ ጠመንጃ ተጠግቶ ወይም በሰያፍ ከተተኮሰ የራዲያተሩን ስስ የማቀዝቀዣ ቅጠሎች ያጣጥፋቸዋል፣ የታጠፈ ቅጠል ደግሞ እንደ ቆሻሻ ሁሉ አየር ይዘጋል። ዳይናሞውና የአየር ማስገቢያው በላስቲክ ተሸፍነዋል፣ ሞተሩም ቀዝቃዛ ነበር። የታጠፉትን ረዳታቸው በቀጭን ማበጠሪያ አንድ በአንድ አቀናቻቸው። በራዲያተሩ ዙሪያ ያለው ስፖንጅም ተበጣጥሶ ስለነበር ተተካ፤ ስፖንጁ ከሌለ ቬንቲሌተሩ በጎን የጋለ አየር መልሶ ይስባል።

የውሃ ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጋ መሃሉ ላይ በ10 ኪሎ ያህል ጫና ተጭነው ለኩት፤ ከ7 እስከ 9 ሚሊ ሜትር መርገብ አለበት። ደህና ነበር።

ወደ ሃይድሮሊኩ እንመለስ፣ ምክንያቱም በቦብካት ላይ «ሞተር ሞቀ» የሚባለው ሙቀት ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከዚያ ነው። የዘይቱ ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ በፊት ስለሚቀመጥ፣ የጋለ ዘይት የሚያልፈውን አየር አስቀድሞ ያሞቀዋል፤ ራዲያተሩ የሚያገኘው የተጠቀመበት አየር ነው። ባልዲው እስከ ጫፍ ከተገለበጠ በኋላ ኦፕሬተሩ መቆጣጠሪያውን ተጭኖ ከቆየ ዘይቱ በሪሊፍ ቫልቩ (ትርፍ ግፊት በሚያስወጣው በር) ጮኾ ያልፋል፣ ያ ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። መካኒኩ ለኦፕሬተሩ በወንድማዊ አነጋገር አስረዱት፦ «ድምፁ ሲለወጥ ልቀቀው፣ ከዚያ በኋላ የምታገኘው ሙቀት እንጂ ጉልበት አይደለም»። የዘይቱን መጠን፣ የፊልትሮውን ዕድሜና የእጅ ፍሬኑ የማይጎትት መሆኑንም አዩ።

ተርሞስታቱ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። «ይሞቃል» ሲባል አውጥቶ መጣል በሀገራችን የተለመደ ነው፣ ግን ይቅር። ሞተሩ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። ለዚህ ሞተር 71 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ጀምሮ 85 ላይ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ነው የሚገባው። አዲሱንም ሳይፈትኑ አልገጠሙትም፤ ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥለው እያሞቁ በቴርሞሜትር የሚከፈትበትን አዩ። ከሶማሌ ተራም ይገዛ ከአስመጪ፣ ይህን ፈተና ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርገው ይችላል።

ውሃውን በተመለከተ አቋማቸው ጥብቅ ነው። የጉድጓድ ውሃ ብቻ የሚሞላ ሞተር ውስጡ ድንጋይ ይይዛል፣ ድንጋዩም ሙቀት አያሳልፍም። አምስት ሊትር ንጹህ አንቲፍሪዝ ከአምስት ሊትር የተጣራ ውሃ ጋር አደባልቀው ነው የሞሉት። የተጣራ ውሃ ስትገዙ ለባትሪ የሚሸጠውን አሲድ እንዳትይዙ ተጠንቀቁ። ራዲያተር በጠንካራ አሲድ ማጠብም አሉሚኒየሙን ይበላዋል። አየር እንዳይቀር በቀስታ ሞልተው፣ ተርሞስታቱ እስኪከፈት አስነስተው፣ ቀዝቅዞ እንደገና ጨመሩ።

በመጨረሻ ማሽኑ በዚያው አፈር፣ በዚያው ጭነት ሲሠራ ዳግም ለኩት፦ መግቢያ 90፣ መውጫ 82። ቁጥሮቹን ከቀድሞዎቹ ጎን ጽፈው ወረቀቱን ሰጡን። የተቀየሩትን ዕቃዎችም አስረከቡን።

ከመጥራታችሁ በፊት የምታውቁት ይሁን፦ የምርመራ ዋጋቸውን ለብቻው አስቀድመው ይናገራሉ፣ የጥገናው ደግሞ ከምርመራው በኋላ ነው። ችኮላ አይወዱም፤ «አሁኑኑ አስነስተህ ሂድ» ለሚል ሰው አይስማሙም። በኮምፒዩተር የሚታዘዙ አዳዲስ ማሽኖችን የኤሌክትሪክ ብልሽት አይነኩም፣ ወደሚችለው ሰው ይመራሉ። ስትደውሉ የማሽኑን ሞዴል፣ የሞተሩን ቁጥርና የሰዓት ቆጣሪውን ንባብ ያዙ፤ መርፌው ሲወጣ የተነሳ ፎቶ ካለ ይጠቅማል። ቦታው ላይ ኮምፕረሰር፣ ንጹህ ውሃና ማሽኑ ተጭኖ የሚሠራበት አፈር ይኑር። ኦፕሬተሩ የግድ መገኘት አለበት። የማሽኑ ክንድ ተነስቶ የሚሠራ ከሆነ መደገፊያው ካልገባ ሥሩ አይገቡም፣ ስለዚህ መደገፊያው ጠፍቶ ከሆነ አስቀድማችሁ አዘጋጁት።