ለቆሽት ሕመምተኛ የአልኮል መለኪያ፦ በአካል ላይ የሚታሰረው ወይስ በትንፋሽ የሚሠራው?

በቆሽት ብግነት ታሞ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የወጣ ዘመድ ያላቸው ወዳጆቼ፣ ውጭ አገር ካለ ልጃቸው ወይም እኅታቸው ጋር በተነጋገሩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ያመጡልኛል፤ «ሲጠጣ የሚያጋልጥ ሰዓት አለ ይባላል፤ ይላክለት ወይ?» ይላሉ። ሐኪሙ መጠጥ ጨርሶ እንዲቀር ቢያዝም፣ ማኅበሩም ዝክሩም ሠርጉም ያለ ጠላና ያለ አረቄ ስለማያልፍ ጭንቀታቸው ይገባኛል። መልሴ ግን በአካል ላይ ለሚታሰረው ገንዘብ አታውጡ፣ ፊውል ሴል (አልኮሉን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ የሚለካ ሴንሰር) ያለውን የትንፋሽ መለኪያ ግዙ የሚል ነው።

ከጠጣነው አልኮል 1 በመቶ ገደማ የሚሆነው በቆዳ በኩል ስለሚወጣ፣ የሚታሰሩት መሣሪያዎች የሚለኩት ይህንኑ ነው። ስኪን የተባለው የባክትራክ ኩባንያ የእጅ መለኪያ በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መንግሥት የጤና ተቋም ውድድር አንደኛ ወጥቶ 200,000 ዶላር ቢሸለምም፣ በአብዛኛው የሚገኘው በተመራማሪዎች እጅ ነው። በቁርጭምጭሚት የሚታሰረውና በየ30 ደቂቃው የሚለካው ስክራም ደግሞ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የሚያዙት ሲሆን፣ የሚከፈልበትም በቀን ኪራይ ነው። በቀን 10 ዶላር ብቻ ብንል በወር 300 ዶላር ይሆናል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ይህ በወር ከ30,000 ብር በላይ ማለት ነው። በዚህ ላይ የቆዳው ንባብ ከደሙ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይዘገያል፤ እጅ ላይ የፈሰሰ ሳኒታይዘርም ሊያሳስተው ይችላል። ቀኑንም ሌሊቱንም ሳያቋርጥ መከታተሉ ግን የማይካድ ብልጫው ነው።

በርካሽ የሚሸጡትንና «አልኮል ይለካል» የሚባሉትን ሰዓቶች ከዚህ ቁጥር አታስገቧቸው። ጀርባቸው ላይ አረንጓዴ መብራት ብቻ ካለ የሚያዩት የልብ ምትን ነው፤ የአልኮል ተን የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ የላቸውም።

የትንፋሽ መለኪያም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው፣ ፊውል ሴል ያለውና ሴሚኮንዳክተር የሚባል ርካሽ ሴንሰር ያለው፤ ገንዘብ የሚበላውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ጎረቤቴ ሽፋኑ ላይ «ፊውል ሴል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን መለኪያ በ6,000 ብር ገዛ። መሣሪያው ከመነፋቱ በፊት ረጅም ጊዜ እየቆጠረ ይሞቃል፤ ባትሪም ቶሎ ቶሎ ይጨርሳል። አራዳ ያለ ሞባይል ጠጋኝ አራቱን ቡሎን ፈትቶ ሲከፍተው፣ ውስጡ የተገኘው የብረት ወንፊት የተከደነበት ክብ ቆርቆሮ፣ ማለትም ኤምኪው-3 የሚባለው የጥቂት ዶላር ሴሚኮንዳክተር ነበር። ልጁም «ይሄማ ተራ የጋዝ ሴንሰር ነው፣ ጋሼ» አለው። ይህ ሴንሰር ሽቶንም የሲጋራ ጭስንም አልኮል ይላል፤ ለቆሽት ሕመምተኛ ደግሞ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት ብዙ ጊዜ የስኳር በሽታን ያስከትላል፣ ስኳሩ ከቁጥጥር ሲወጣም ትንፋሽ ውስጥ አሴቶን የሚባል ተን ይመጣል፣ ሴሚኮንዳክተሩም አሴቶኑን ከአረቄ አይለይም። ታማሚው ሳይቀምስ «ጠጥተሃል» ተብሎ ከቤተሰቡ ይጣላል። ፊውል ሴል ግን በአሴቶን አይታለልም፤ ለዚህ ነው ከ100 ዶላር አካባቢ ጀምሮ ቢሸጥም ያዋጣል የምለው።

የትንፋሽ መለኪያ የሚያሳየው የቅርብ ሰዓታትን ስለሆነ፣ ጠዋትና ማታ እንዲሁም ከማኅበር መልስ፣ አፍን ተጉመጥምጦ 15 ደቂቃ ከቆዩ በኋላ መንፋት ያስፈልጋል። የሚነፋውም ታማሚው ራሱ ተስማምቶ፣ ውጤቱንም ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ እያሳየ ቢሆን ይሻላል። በፊንላንድ ተካሂዶ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ የ120 ሕመምተኞች ጥናት፣ ሆስፒታል ሳሉ አንድ ጊዜ ብቻ ከተመከሩት መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው 21 በመቶ ሲሆኑ፣ በየስድስት ወሩ እየተጠሩ ስለ መጠጥ ከተነጋገሩት ግን 8 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ምንም መሣሪያም አልታሰረባቸውም። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ስለሚችል፣ አቋራረጡ በሐኪም ምክር ይሁን።

ስታዝዙ መብራት በጠፋ ቁጥር እንዳትቸገሩ በተራ ድንጋይ ባትሪ የሚሠራውን ምረጡ፤ ትርፍ የመንፊያ ፕላስቲክም አብሮ ይላክ። ፊውል ሴልም በየጊዜው ካሊብሬሽን (የልኬት ማስተካከያ) ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሴንሰሩ በፋብሪካ ተስተካክሎ የሚመጣና ቤት ውስጥ የሚቀየር ሞዴል ይሁን። የማይቀየረው በ30 ዶላር ቢረክስ እንኳ፣ ለካሊብሬሽን ወደ ውጭ ደርሶ መልስ የሚከፈለው የፖስታ ሂሳብ ያንን 30 ዶላር ይበላዋል።