እጅ ማውጣት ወይስ ሁለት ሁለቱን ማፋለም?

ደብረ ብርሃን ላይ 15 አባላት ያሉት ማኅበር አለ እንበል። ለሽርሽር ከሦስት ቦታ አንዱን በድምፅ ሊመርጡ ነው፦ መንዝ ጓሳ፣ አንኮበርና ሸዋ ሮቢት።

6ቱ ጓሳን ያስቀድማሉ፤ ቀጥሎ አንኮበርን። ብርድ የሰለቻቸው 5ቱ ሸዋ ሮቢት ይላሉ፤ ካልሆነ አንኮበር። 4ቱ ደግሞ አንኮበርን፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢትን።

እጅ ማውጣት ፈጣን ነው። ቡናው በረካ ሳይደርስ ያልቃል። ጓሳ በ6 ድምፅ ያሸንፋል። ግን እኮ 9 ሰው ጓሳን መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጠው! ብዙኃኑ ጋቢውን ተከናንቦ እያጉረመረመ ሊጓዝ ነው።

ሁለት ሁለቱን ስናፋልም፣ ማለትም በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ ሁሉም ለየብቻ ድምፅ ሲሰጥ፣ ውጤቱ ይገለበጣል። አንኮበር ጓሳን 9 ለ 6፣ ሸዋ ሮቢትን 10 ለ 5 ይረታል። በእጅ ቆጠራ ጭራ የነበረው እሱ ነው።

ይሄም ጣጣ አያጣም። የሸዋ ሮቢት ወገኖች ሁለተኛ ምርጫቸውን ጓሳ ቢያደርጉ፣ ጓሳ አንኮበርን፣ አንኮበር ሸዋ ሮቢትን፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ጓሳን ያሸንፋል። አዙሪት! ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ በ1785 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬኔት አሮው ደግሞ በ1951 እ.ኤ.አ. የባሰውን አመጣ፦ አማራጩ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በደረጃ የሚያስመርጥ የትኛውም ዘዴ ጥቂት የፍትሐዊነት መስፈርቶችን እንኳ ሁልጊዜ በአንድነት ሊያሟላ አይችልም።

እኔ ለማኅበር ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሦስት ጊዜ መቁጠር ምን አለው? አዙሪት ከመጣ ዕጣ ነው። አማራጩ 10 ከሆነ ግን 45 ጊዜ ልንቆጥር ነው፤ ያኔ እጃችንን እናውጣ።