የመኪናን የሰርቪስ ታሪክ በስልክ ማንበብ፦ የቶዮታ አካውንትና ካርፋክስ ሲመዘኑ

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለች ካምሪ ወይም ራቭ-4 የሚፈልግ ገዢ ሻጩን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ማይል ሄዳለች?» ብሎ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ያን ሁሉ ማይል ስትሄድ ዘይቷ መቼ መቼ ተቀየረ የሚለው ነው። መልሱ ዛሬ በሁለት ቦታ ይገኛል፤ በቶዮታ የባለቤቶች አካውንትና የመኪና ታሪክ ሪፖርት በሚሸጠው በካርፋክስ። ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ ግን አንዱ ሌላውን አይተካም።

መግቢያው ለሁለቱም ቪን፣ ማለትም የመኪናው መለያ ቁጥር ነው። ከ1981 ሞዴል ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና ቪኑ 17 ፊደልና አኃዝ አለው። በሹፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥርና የሹፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ምልክት ላይ ይነበባል። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ቪን ውስጥ አይገቡም፤ ስለዚህ ኦ የሚመስለው ሁሉ ዜሮ ነው። መኪናው አልተገኘም የሚል መልስ ከመጣ መጀመሪያ ይህን ያርሙ። የመስታወቱና የበሩ ቁጥር ካልተመሳሰሉ ግን ግዢውን እዚያው ያቁሙ።

የቶዮታ አካውንት ነፃ ነው። በኢሜይል ይከፈታል፣ መኪናው በቪኑ ይመዘገባል፣ ከዚያ የሰርቪስ ታሪክ የሚለው ክፍል ይታያል። ቀኑን፣ ማይሉን፣ የሠራውን ዲለርና የተሠራውን ሥራ ያሳያል። ገዢ ከሆኑ ሻጩ በራሱ ስልክ ከፍቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ መኪናውን በደንብ የያዘ ሰው ይህን ለማሳየት አያመነታም። አካውንት ከሌለው ዲለሩ ዘንድ ሄዶ የሰርቪስ ዝርዝሩን ማሳተም ይችላል። እርስዎ ብቻዎን ቢሄዱ ግን ባለቤት ስላልሆኑ ሊከለክሉዎ ይችላሉ።

ድክመቱ የቶዮታ ዲለር የሠራውን ብቻ መያዙ ነው። አዲስ ቶዮታ የገዛ ሰው ለ2 ዓመት ወይም ለ25,000 ማይል፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚደርሰው ድረስ፣ መደበኛውን ሰርቪስ በነፃ ያገኛል። ስለዚህ መዝገቡ እስከዚያ ድረስ ሞልቶ ከዚያ በኋላ ይሳሳል። ይህ ብቻውን መኪናዋ እንክብካቤ አጥታ ነበር ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ ነፃው ሲያልቅ ርካሽ ወደሆነ ጋራዥ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ካርፋክስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከዲለር ውጭ ካሉ ብዙ የዘይትና የጎማ ቤቶች፣ ከመንግሥት የመኪና መዝገብና ከምርመራ ጣቢያዎች መረጃ ይሰበስባል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ስለምታስገድድ እዚያ የኖረች መኪና ማይሏ በየዓመቱ የመመዝገብ ዕድል አላት፤ ለገዢ ትልቅ እርዳታ ነው። ስፋቱ ጥሩ ቢሆንም ጥልቀቱ ያንሳል። «መኪናው ሰርቪስ ተደርጓል» ብሎ ብቻ የሚያልፍ መስመር ብዙ ነው፣ ምን እንደተሠራ አይናገርም። ለጥሬ ገንዘብ የሚሠራ ሰፈር ውስጥ ያለ መካኒክ ደግሞ ምንም ሪፖርት አያደርግም።

አንዱ የካርፋክስ ሪፖርት 45 ዶላር አካባቢ ነው። ብዙ ዲለሮች በማስታወቂያቸው ላይ በነፃ ስለሚያያይዙት ከግለሰብ ለመግዛት ካልሆነ ገንዘብ አያውጡ፤ ያኔም መኪናዋን አይተው፣ ነድተው፣ ሊገዙ ሲቆርጡ ብቻ።

ዋናው ሥራ ዝርዝሩን ማንበብ ነው። የመስመሮቹን ብዛት አይቁጠሩ፤ በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን ማይልና ጊዜ ያስሉ። 0ደብልዩ-20 ሲንተቲክ ዘይት የሚወስድ የቶዮታ ሞተር በተለመደ አነዳድ በ10,000 ማይል ወይም በ12 ወር ዘይት ይቀየርለታል፣ ጎማው በ5,000 ማይል ቦታ ይለዋወጣል። ዘይት በ32,000 ተቀይሮ ቀጣዩ መስመር 58,000 ላይ ከሆነ በመካከል ያለውን ደረሰኝ ይጠይቁ። የለም ከተባለ ዋጋው ይውረድ ወይም ሌላ ይፈልጉ። በተቃራኒው 5,000 ማይሉ በስድስትና በሰባት ሳምንት እየሞላ ከሄደ ዓመቱ ወደ 40,000 ማይል ይሆናል፤ መኪናዋ በመተግበሪያ በሚጠሩት የኡበር ወይም የሊፍት ታክሲዎች ውስጥ ስትሠራ ነበር ብሎ መጠርጠር ይገባል። ዘይቷ በጊዜው ከተቀየረ ይህ ነውር አይደለም፣ ግን ሻጩ «ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የምትሄደው» ካለ ቃሉና መዝገቡ ተጣልተዋል።

ስሕተትም አለ። የጋራዥ ሠራተኛ 64,000 ማለት ሲገባው 94,000 ቢጽፍ ቀጣዩ ትክክለኛ ቁጥር ማይሉ ወደ ኋላ የተመለሰ ያስመስለዋል፣ ሪፖርቱም ማስጠንቀቂያ ይለጥፋል። አንድ ቁጥር ብቻውን ዘሎ ቀሪዎቹ በሥርዓት ከቀጠሉ ብዙውን ጊዜ የጽሕፈት ግድፈት ነው። ቁጥሩ ወርዶ ከዚያ በዚያው ዝቅ ባለ መንገድ ከቀጠለ ግን አደገኛ ነው። ባለቤት የሆነ ሰው የጋራዡን ደረሰኝና የዳሽቦርዱን ፎቶ አያይዞ ለካርፋክስ የማረሚያ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ ይህን ለሽያጭ ሳይቀርቡ አስቀድመው ይጨርሱ።

ለባለቤት የካርፋክስ ነፃው የመኪና እንክብካቤ መተግበሪያም አለ፤ ዘይት ሲደርስ ያስታውሳል፣ ሪኮል (አምራቹ ለእርማት የሚያወጣው ጥሪ) ሲወጣ ይናገራል። በእጅ የሚያስገቡት ሰርቪስ ግን ለራስዎ ማስታወሻ ነው፤ ገዢ በሚያየው ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ዘይት በራስዎ የሚቀይሩ ከሆነ የዘይቱንና የፊልትሩን ደረሰኝ ቀንና ማይል ጽፈውበት ፎቶ ያንሱ፣ በአንድ ፎልደር ይያዙ።

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚገዛ ሰው ነገሩ መኪናዋ እንደተሠራችበት ገበያ ይለያያል። ከአሜሪካ የገባች ከሆነች ቪኗ ካርፋክስ ላይ ይሠራል፤ ከመላኳ በፊት በአደጋ ከጥቅም ውጭ ተብላ ተመዝግባ እንደሆነም ሊታይ ይችላል። ለጃፓን ገበያ የተሠራች ቪትዝ ግን ያላት አጭር የሻንሲ ቁጥር ነው፣ 17 አይሞላም፣ ካርፋክስም አይቀበለውም። ስለዚህ ደላላው የሚያሳየውን ማንኛውንም የታተመ ሪፖርት ከማመንዎ በፊት በላዩ ያለውን ቁጥር ከሊብሬውና ከሻንሲው ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ።