መርከብ ወይስ መድረክ?

ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ነው፤ ጂኦሎጂ የሚያጠናው ጓደኛዬ «ከወደብ በራቀ ጥልቅ ባሕር ነዳጅ ብትፈልግ በምን ትቆፍራለህ?» አለኝ።

የመቆፈሪያ መርከብ በራሱ ሞተር ይሄዳል። ቧንቧውንና ሲሚንቶውን ሆዱ ውስጥ ጭኖ ስለሚመጣ አመላላሽ ጀልባ አሥሬ አይጠብቅም። አዳዲሶቹ መልህቅ እንኳ አይጥሉም፤ በሳተላይት እየተመሩ ቦታቸውን በሞተር ይይዛሉ። ማዕበል ሲመጣ ግን ኮብልስቶን ላይ እንደሚሮጥ ባጃጅ ነው።

ሌላው አማራጭ፣ ከፊል ጠላቂ የሚባለው ተንሳፋፊ የመቆፈሪያ መድረክ፣ እግሩን ከማዕበሉ በታች ስለሚያጠልቅ ረጋ ይላል። ጉዞው ነው ጣጣው። ኦሽን ጋርዲያን የተባለው እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ከስኮትላንድ ተነሥቶ፣ እየተጎተተ ደቡብ አትላንቲክ ያሉት ፎክላንድ ደሴቶች የደረሰው በ2010 ነው።

«መርከቡን እመርጣለሁ» አልኩት።

ሳቀብኝ። «አንተ? ጎርጎራ ጀልባ ላይ ያስመለሰህ ሰውዬ?»