ከትንንሽ ልጆች ጋር ሚኒያቸር ለመቀባት የትኛው ምስል፣ የትኛው ቀለም ይገዛ?

በጠረጴዛ ላይ ለሚካሄዱ የጦርነትና የምናባዊ ጀብዱ ጨዋታዎች የሚሠሩትን፣ በተለምዶ ሚኒያቸር የሚባሉትን ትንንሽ ምስሎች ከልጆቹ ጋር ቀለም ለመቀባት ያሰበ ወላጅ ሱቅ ሲገባ በመጀመሪያ የሚቀርብለት ዕቃ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ላለ ልጅ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ዕቃው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ሙያው በታዳጊዎችና በአዋቂዎች እጅ ያደገ በመሆኑ፣ ከመቁረጫው አንሥቶ እስከ ቀለሙ ዕቃ ድረስ ሁሉም ነገር ለተረጋጋ እጅና ለረጅም ትዕግሥት የተመጠነ ነው። በዚህ ግምገማ በገበያ ላይ በሰፊው የሚገኙ ምስሎችንና ቀለሞችን የምመዝናቸው በአንድ መስፈርት ብቻ ነው፦ ልጁ በአንድ መቀመጫ፣ ትዕግሥቱ ሳያልቅ፣ በገዛ እጁ ሠርቶ የሚኮራበትን ነገር ይዞ መነሣት ይችላል ወይስ አይችልም?

በዘርፉ ከሁሉ ገናና የሆነው እ.ኤ.አ. በ1975 በለንደን የተመሠረተውና ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ በኖቲንግሃም የሚገኘው የእንግሊዙ ጌምስ ወርክሾፕ ነው። ኩባንያው ዋርሃመር በሚለው ስም የሚያወጣቸው ምስሎች በቅርጽ ጥራታቸው ተወዳዳሪ የላቸውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የሚመጡት ክፍሎቻቸው በፕላስቲክ ክፈፍ ላይ እንደተያያዙ ስለሆነ በመቁረጫ መለየት፣ ትርፉን በስለት መፋቅ፣ ብዙውን ጊዜም በሙጫ ማጣበቅ ያስፈልጋል። ለጀማሪዎች ተብለው የሚሸጡት፣ ቀለምና ብሩሽ አብረዋቸው የሚመጡት ሣጥኖች ያለ ሙጫ የሚገጣጠሙ ምስሎችን ቢይዙም፣ ወታደሮቹ ከአናት እስከ እግር በቀበቶ፣ በዘለበት፣ በማኅተምና በጥሩር ጠርዝ የተሞሉ ናቸው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህ ሁሉ ዝርዝር የደስታ ምንጭ ነው፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ግን የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የማይታወቅ ሥራ ይሆንበታል። ኩባንያው ራሱ ምርቶቹን ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በአንጻሩ በዋርሃመር ሱቆች ለአዲስ መጪ አንድ ምስል በነፃ የማስቀባት ልማድ አለ፤ ምንም ከመግዛት በፊት ልጁ ብሩሽ መያዝ ይወድ እንደሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

ለትንሽ ልጅ እኔ በቀዳሚነት የምመርጠው ዊዝኪድስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ለተባለው የምናባዊ ጀብዱ ጨዋታ የሚያወጣቸውን፣ ኖልዙርስ ማርቨለስ ሚኒያቸርስ የሚባሉትን ምስሎች ነው። ዋና ጥቅማቸው መሠረት ቀለም ተቀብተው መምጣታቸው ነው። አክሪሊክ የሚባለው፣ ለዚህ ሥራ የተለመደው በውኃ የሚቀጥን ቀለም ፕላስቲክ ላይ በቀጥታ ሲቀባ በደንብ ስለማይይዝ፣ ለሌሎች ምስሎች በመጀመሪያ ፕራይመር የተባለውን መሠረት በስፕሬይ መርጨት ያስፈልጋል፤ ይህም ማለት ውጭ መውጣት፣ ዝናብና ንፋስ የሌለበትን ሰዓት መጠበቅ፣ እስኪደርቅ መታገሥ ማለት ነው። በኖልዙር ምስሎች ላይ ይህን ሥራ ፋብሪካው የስፔኑን ቀለም አምራች የቫዬሆን ፕራይመር ተጠቅሞ ስለጨረሰው ማሸጊያው በተከፈተ በደቂቃ ውስጥ ልጁ መቀባት ይጀምራል። ዋጋውም የሚከብድ አይደለም፤ በአሜሪካ ትንንሾቹ እሽጎች ብዙውን ጊዜ በጥቂት ዶላር ይገኛሉ፣ ምስሉም በግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ስለሚታይ ልጁ አይቶ ይመርጣል።

የምርጫው ነገር ግን ለብቻው ሊነገርለት ይገባል፤ ምክንያቱም በዚሁ አንድ የምርት ዓይነት ውስጥ ለልጅ የሚመች እና ፈጽሞ የማይመች ምስል ጎን ለጎን ተሰቅሎ ይገኛል። የሰው ቅርጽ ያላቸው ተዋጊዎችና ጠንቋዮች በቁመታቸው ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ፊታቸው ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም፣ ሰይፋቸውና በትራቸውም በቀላሉ ይጎብጣል። በተቃራኒው የጉጉት ራስና የድብ ገላ ያለው አውልቤር፣ ወይም የሀብት ሣጥን መስሎ የሚያደባው ሚሚክ፣ ለልጅ መዳፍ የሚሞላና ሰፋፊ ገጽ ያለው ፍጡር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጸጉር፣ ላባ፣ ቅርፊትና እንጨት የተቀረጸበት ምስል ቀለሙን ራሱ ስለሚመራው፣ እጁ ያልጠነከረ ልጅ የቀባው እንኳ ዐይን የሚስብ ሆኖ ይደርቃል። የስድስት ዓመት ልጄ ሐምራዊ አውልቤር ሠርታለች፤ ድብ ሐምራዊ አይደለም ብሎ የሚከራከር ታላቅ ወንድም ቢኖርም፣ እንዲህ ያለ እንስሳ አይቶ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ክርክሩ እዚያው ቀርቷል። ተኩላ ወይም አንበሳ ቢሆን ኖሮ ግን ልጆች ከእውነተኛው ጋር እያነጻጸሩ ተስፋ የሚቆርጡበት ጊዜ ስላለ፣ መጀመሪያ ላይ በምናብ ብቻ ያሉ ፍጥረታትን መግዛት ይሻላል እላለሁ።

ሁለተኛው አማራጭ በቴክሳስ፣ ዴንተን ከተማ የሚገኘው የሪፐር ሚኒያቸርስ ኩባንያ ቦንስ ብሎ የሚጠራቸው ምስሎች ናቸው። ቦንስ እ.ኤ.አ. በ2012 ኪክስታርተር በተባለው የኢንተርኔት መድረክ ባካሄደው የገንዘብ ማሰባሰብ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ በመሰብሰቡ በዘርፉ ትልቅ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ነጫጭ ቦንሶች ያለ ፕራይመር እንዲቀቡ ታስበው የተሠሩ ሲሆኑ፣ በሳሙናና በውኃ ታጥበው መድረቃቸው ብቻ በቂ ነው። ፕላስቲካቸው ለስላሳ በመሆኑ ከጠረጴዛ ላይ ቢወድቁም አይሰበሩም፤ ይህ ለትንሽ ልጅ ቀላል ጥቅም አይደለም። በሌላ በኩል ያው ልስላሴ ጦርንና ሰይፍን ያጎብጣል፤ ለማቃናት ምስሉን በሙቅ ውኃ አልስልሶ፣ ቅርጹን አስይዞ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል፣ ይህም የአዋቂ ሥራ ነው። ሁለተኛው ችግር ውኃ የበዛበት የመጀመሪያ ቀለም በእርቃኑ ፕላስቲክ ላይ እየተሰባሰበ ጠብታ መሥራቱ ነው፤ ልጅ ደግሞ ብሩሹን በውኃ ማጠጣት ስለሚወድ ይህ በተደጋጋሚ ያጋጥማል። በመሆኑም ቦንስን የማስቀምጠው ከኖልዙር ቀጥሎ ነው።

ከምስሉ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ግን ቀለሙ ነው። በተለመደው አቀባብ ዋናው ቀለም በስሱ ደጋግሞ ይቀባል፣ ቀጥሎ በጎድጓዳው ላይ ጠቆር ያለ ፈሳሽ ቀለም ይለቀቃል፣ በመጨረሻም ከፍ ከፍ ያለው ቦታ በፈካ ቀለም ይነካካል፤ በየመካከሉም እስኪደርቅ መጠበቅ አለ። ለአዋቂ መጠበቁ የዕረፍቱ አካል ነው፤ ልጅ ግን በመጀመሪያው መጠበቅ ተነሥቶ ይሄዳል። ጌምስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ2019 ኮንትራስት የተባለውን ቀለም ሲያወጣ እነዚህን ሦስት ደረጃዎች ወደ አንድ አጠበባቸው። ቀለሙ ከተራው አክሪሊክ ይልቅ ፈሰስ ያለና ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ በነጣ መሠረት ላይ ሲቀባ ከጎበጠው ቦታ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ ሲደርቅም ከፍ ያለው ፈክቶ፣ ዝቅ ያለው ጨልሞ ይቀራል። ጥላና ብርሃን ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ አንድ ጊዜ ቀብቶ ጥላና ብርሃን ያለው ሥራ ያያል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የዴንማርኩ አርሚ ፔይንተር ስፒድፔይንት ብሎ በተመሳሳይ መንገድ የሚሠራ ቀለም አወጣ።

ሁለቱ በቀለም ውበት ብዙም አይበላለጡም፤ እንዲያውም ኮንትራስት በአንዳንድ ቡናማና ቀይ ዓይነቶቹ የጠለቀ ይመስለኛል። ለልጅ ግን ያለ ማመንታት ስፒድፔይንትን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የማሸጊያው ነገር ነው። ኮንትራስት የሚሸጠው ክዳኑ ወደ ላይ በሚከፈት አጭር ዕቃ ውስጥ ሲሆን፣ ብሩሽ በቀጥታ እየተነከረበት እንዲሠራ ያበረታታል፤ በልጅ ክርን አጠገብ የተከፈተ ባለ 18 ሚሊ ሊትር የቀለም ዕቃ ምን እንደሚሆን ለወላጅ መንገር አያስፈልግም። ስፒድፔይንት በጠብታ የሚወጣበት ሹል አፍ ባለው ጠርሙስ ስለሚመጣ፣ ጠርሙሱ በወላጅ እጅ ቆይቶ ልጁ በሳሕን ላይ የሚሰጠው ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ነው። ዋጋውም ከኮንትራስት ረከስ ይላል። ሲገዛ ግን መለያው ላይ 2.0 መባሉን ማየት ይገባል፤ የመጀመሪያው የስፒድፔይንት ዓይነት ከደረቀ በኋላ ሌላ እርጥብ ቀለም ሲነካው እንደገና እየሟሟ ይቀላቀል ስለነበር ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 ቅመማውን አሻሽሎ አውጥቶታል፣ አሮጌው ዓይነት ግን በቅናሽ የሚሸጥበት ቦታ አይጠፋም። ልጆች የቀቡትን ደጋግመው ስለሚነካኩ ይህ ልዩነት ለእነርሱ ከአዋቂ ይልቅ ይብሳል።

የእነዚህ ቀለሞች ድክመት ለጥ ባለ ገጽ ላይ መዥጎርጎራቸው ነው። ካባ፣ ጋሻና የድንጋይ ወለል ላይ ቀለሙ የሚወርድበት ጎድጓዳ ስለማያገኝ ኩሬ ሠርቶ ይደርቃል። መፍትሔው ብሩሹን በጨርቅ ጠርጎ ትርፉን በጫፉ መምጠጥ ነው፤ ልጆች ይህን መምጠጥ ከመቀባቱ እኩል እንደ ጨዋታ ስለሚይዙት ማስተማሩ አያስቸግርም። ለመጀመር አምስት ወይም ስድስት ቀለም ይበቃል፤ ሙሉውን ትልቅ ስብስብ መግዛት ልጁን በምርጫ ብዛት ከማደናገር በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። ከእነዚያ በተጨማሪ አንድ የብርና አንድ የወርቅ ቀለም ከቫዬሆ ቢገዛ ልጁ ሣጥን፣ ጥፍርና ጥርስ ሁሉ ወርቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ያድርግ። በአንጻሩ በትምህርት ቤት የሚጠቀሙበት፣ በውኃ የሚታጠብ የልጆች ቀለም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እርጥብ እጅ ሲነካውም ይለቃል።

ብሩሽን በተመለከተ አጭር ልሁን። በሙያው የሚመሰገኑት ከእንስሳ ጸጉር የተሠሩ ውድ ብሩሾች በልጅ እጅ ዕድሜ የላቸውም፤ ወፈር ያለ እጀታ ያለው ርካሽ ሰው ሠራሽ ብሩሽ ይበቃል። ከእርሱ ጋር አንድ ለስላሳ የፊት መኳኳያ ብሩሽ መጨመር ያዋጣል፤ ነጣ ያለ ተራ አክሪሊክ ነክቶ በወረቀት እስኪደርቅ ከተጠረገ በኋላ በጸጉርና በቅርፊት ላይ ሲወለወል ጫፍ ጫፉን ብቻ ያፈካዋል፣ ይህን ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ ያለ እርዳታ ይሠራዋል። ምስሉ በጣት እንዳይያዝ በሚጣበቅ ልጥፍ በጠርሙስ ክዳን ወይም በቡሽ ላይ ማቆም ያስፈልጋል።

በደኅንነት በኩል ወላጆች የሚፈሩት ቀለሙን ነው፤ እኔ ግን በይበልጥ የምጠነቀቀው ከሌሎቹ ነው። እነዚህ አክሪሊኮች በውኃ የሚቀጥኑ ናቸው፣ ሆኖም መርዛማ አይደለም ማለት ይበላል ማለት ስላልሆነ ብዙ አዋቂ ቀቢዎች የለመዱትን ብሩሽን በከንፈር የማሾል ልማድ ልጅ ፊት ማድረግ አይገባም። ስፕሬይ፣ ስለትና ፈጣን ሙጫ ከልጁ እጅ ሙሉ በሙሉ ይራቁ። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ታናሽ በቤት ካለ የምስሎቹ ትንንሽ ክፍሎች የማነቅ አደጋ አላቸው። በርካሽ የሚገኙ ያገለገሉ የብረት ምስሎችን ደግሞ ለልጅ አልመክርም፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት ከተሠሩት ብዙዎቹ እርሳስ አለባቸው። ልብስን በተመለከተ አክሪሊክ ከደረቀ በኋላ አይለቅም፣ ስለዚህ አሮጌ ሸሚዝ ይልበስ።

ያለቀው ምስል መጫወቻ ስለሚሆን ጠርዞቹ ላይ ቀለሙ መፋቁ አይቀርም፤ በብሩሽ የሚቀባ፣ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ወላጁ ማታ ቢደርብበት ብዙ ይቆያል። ወላጁ ማታ ሊያደርገው የማይገባው ነገር የልጁን ሥራ ማስተካከል ነው። ከጠርዝ ያለፈውን ቀለም ደብቆ የሚያስተካክል ወላጅ ልጁ በማግሥቱ እንደሚያውቅበት ሊጠራጠር አይገባም፤ ማስተካከል የሚያምረው ለራሱ ሁለተኛ ምስል ገዝቶ ጎን ለጎን ቢቀባ ይሻለዋል።

ልጁ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ሲሞላው ፍርዴ ይለወጣል። በዚያ ዕድሜ መገጣጠሙ ራሱ ደስታ ይሆናል፣ የአውልቤሩም ጸጉር ስለሚቀለው ቀበቶና ዘለበት መፈለግ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ያለ ሙጫ የሚገጣጠመው የዋርሃመር የጀማሪ ሣጥን ዋጋውን የሚያወጣ ግዢ ነው፣ የተረፉት የስፒድፔይንት ጠርሙሶችም ነጣ ያለ ፕራይመር በተረጨባቸው ወታደሮች ላይ ያለ ችግር ያገለግላሉ።