ኤሌጎ ማርስ 3፦ ጥራቱ ግሩም፣ ቅንብሩ ጥንቃቄ የሚፈልግ

ጌጣጌጥ፣ የጥርስ ሞዴልና ትንንሽ የማሽን ክፍሎች ለሚሠራ ሰው ኤሌጎ ማርስ 3 ገንዘቡን የሚያወጣ የሬዚን ፕሪንተር (ሬዚን የተባለ ፈሳሽ ፕላስቲክን በብርሃን ንብርብር በንብርብር እያጠነከረ ዕቃ የሚሠራ ማሽን) ነው። የባለ 6.6 ኢንች ስክሪኑ እያንዳንዱ ነጥብ (ፒክስል) ስፋቱ 0.035 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ቀለበት ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ እንኳ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ዲዛይኑን በቺቱቦክስ (ዲዛይኑን ለፕሪንተሩ በንብርብር የሚከፋፍል ሶፍትዌር) ስትከፍቱ የንብርብሩን ውፍረት 0.05 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ለተራ ሬዚን ጥሩው መነሻ ለታችኞቹ 5 ንብርብሮች 30 ሰከንድ፣ ለቀሪዎቹ 2.5 ሰከንድ ያህል ብርሃን ነው። ሥራው ከፕሌቱ (ተጣብቆ ከሚሠራበት ሰሌዳ) ከተላቀቀ የታችኞቹን ጊዜ ጨምሩ፤ ትንንሽ ቀዳዳዎች ከተደፈኑ የቀሪዎቹን ቀንሱ።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ሬዚን ለመቆጠብ ውስጡ ባዶ ሲደረግ ነው። ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ነገር ግን ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢያንስ ሁለት ቦታ፣ አንዱን ከፕሌቱ አጠገብ ካልበሳችሁ፣ ፕሌቱ ከፍ ባለ ቁጥር ባዶው ቦታ እንደ ዋግምት ይስባል፤ ሥራው ከሳፖርቱ (ደግፎ ከሚይዘው ቀጭን ምሰሶ) ይገነጠላል። ውስጥ ታፍኖ የቀረ ሬዚንም ውሎ አድሮ ግድግዳውን ይሰነጥቃል።

ትልቁ ጉድለቱ ማሞቂያ የሌለው መሆኑ ነው። ሬዚን ከ20 ዲግሪ በታች ይወፍራል፤ በአዲስ አበባ ጠዋት ክፍሉን ሳያሞቁ መጀመር ሬዚን ማባከን ነው።

ሥራ ከከሸፈ ጓንት አድርጋችሁ ሬዚኑን አጥልሉ። የሬዚኑ ገንዳ ውስጥ የቀረ ደረቅ ቁራጭ ፕሌቱ ሲወርድ ከገንዳው ሥር ያለውን ስስ ፊልም በስቶ ስክሪኑን ሊሰብር ይችላል።